አዋሽ ወደ ባሕር ይገባልን?

ባለፈው ዓመት በጂኦግራፊ ፈተና ላይ «የአዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?» የሚል ጥያቄ አውጥቼ ነበር። በአንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቃል «በጂቡቲ በኩል አልፎ ባሕር ይገባል» ብለው ጻፉ። ስሕተታቸው አንድ፣ መቀመጫቸውም አንድ መሆኑን ባየሁ ጊዜ ብዙ አልተመራመርሁም፤ ለሁለቱም በፈተናው በሙሉ ዜሮ ሰጠኋቸው። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ከሁለቱ አንደኛው ከክፍል ወደ ክፍል ለማለፍ ያችን ውጤት የሚጠብቅ፣ ከቤተ ሰቡም ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ነበርና።

በማግስቱ ይኸው ልጅ መጥቶ «መምህር፣ ዜሮ የሰጡኝ በምን ምክንያት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ከጓደኛው የኮረጀ ሰው ስሕተቱ ከጓደኛው ስሕተት ጋር አንድ ይሆናል፤ የእናንተም ስሕተት አንድ ነው፤ እንግዲህ ኮርጃችኋል» አልሁት።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «እርስዎ በክፍል ውስጥ ወንዝ ሁሉ ወደ ባሕር ይገባል ብለውን ነበር። አዋሽም ወንዝ ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር ይገባል ብዬ ጻፍሁ» አለኝ። እንዲህ ማለቴን አላስታውስም፤ ነገር ግን ቸኩዬ ብዬው ይሆናል።

ልጁን አሰናብቼ ብቻዬን ስቀመጥ በኮሌጅ የተማርሁት ሎጂክ ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም። ከሁለታችን በሚገባ ያሰበው ልጁ ነበር። እርሱ የተነሣበት ነገር ሐሰት ነው፤ አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጂቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አያይም። (ባሕር ስል መርከብ የሚመጣበትን እንጂ ጣናን ማለቴ አይደለም።) የአስተሳሰቡ አካሄድ ግን ምንም እንከን የለበትም። እኔ ደግሞ የተነሣሁባቸው ሁለት ነገሮች እውነት ነበሩ፤ ከእነርሱ ወደ መደምደሚያው የዘለልሁበት መንገድ ግን የተሰበረ ድልድይ ነበር።

የሎጂክ ሊቃውንት እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይተው ያዩአቸዋል። እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው አንድ አነጋገር ነው፤ «አዋሽ ባሕር ይገባል» ሐሰት ነው። ሙግት ግን እውነት ወይም ሐሰት አይባልም፤ ጽኑ ነው ወይም ጽኑ አይደለም ይባላል። ጽኑ ሙግት የሚባለውም መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን የማይችል ነው። «ቢሆኑ» የምትለውን ቃል ልብ ይሏታል፤ ጽናትን የሚመረምር ሰው መነሻዎቹ በእርግጥ እውነት መሆናቸውን አይጠይቅም።

ይህን ጉዳይ በሥርዓት የመረመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በስታጊራ የተወለደውና በ322 ዓመት የሞተው አርስጣጣሊስ ነው። የሎጂክ መጻሕፍቱን ኋላ የመጡ ሰዎች በአንድነት ሰብስበው «ኦርጋኖን» አሏቸው፤ መሣሪያ ማለት ነው። ከነዚሁ በአንዱ፣ በቀዳሚው አናሊቲክስ፣ ከእውነተኛ መነሻ ሐሰት ሊወጣ እንደማይችል፣ ከሐሰተኛ መነሻ ግን እውነት ሊወጣ እንደሚችል አስረድቷል።

ሁለተኛው ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ይሆንበታል። ነገር ግን የልጁን ሙግት ሳንለውጥ በአዋሽ ፈንታ ዓባይን እናግባበት። ወንዝ ሁሉ ወደ ባሕር ይገባል፤ ዓባይ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ዓባይ ወደ ባሕር ይገባል። መነሻው አሁንም ሐሰት ነው፤ ኦሞም እኮ ቱርካና ሐይቅ ላይ ይቀራል። መደምደሚያው ግን እውነት ሆነ፤ ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ ሜዲቴራኒያን ይገባልና። እንግዲህ መደምደሚያው እውነት መሆኑ መነሻውን ከሐሰትነት አያድነውም።

ደግሞ እንዲህ እንበል፦ አንዳንድ ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል፤ ተከዜ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ተከዜ ወደ ባሕር ይገባል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ የተከዜ ውኃ በአትባራ በኩል ከዓባይ ጋር ይቀላቀላልና። ሙግቱ ግን ከንቱ ነው። ይህንንም ለማወቅ «ተከዜ» የሚለውን ፍቆ «አዋሽ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ መነሻዎቹ እውነት እንደ ሆኑ ይቀራሉ፣ መደምደሚያው ግን ወዲያው ሐሰት ይሆናል።

በዚህ የምንሳሳተው ሳንማር ቀርተን ብቻ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. ጆናታን ኢቫንስና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን የሙግትን ጽናት ብቻ እንዲመረምሩ ጠየቋቸው። ጽናት የሌለው ሙግት መደምደሚያው የሚታመን ሲሆን ከመቶ 71 ጊዜ ያህል ተቀበሉት፤ የማይታመን ሲሆን ግን 10 ጊዜ ያህል ብቻ። እኔም ሁለቱ ልጆች መኮረጃቸውን አስቀድሜ ስላመንሁ መንገዱን አልመረመርሁትም።

በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባቢያንም ከዚህ የራቃችሁ አይመስለኝም። «ጉቦ የሰጠ ሰው ጉዳዩ ቶሎ ያልቅለታል፤ የእገሌ ጉዳይ ቶሎ አለቀለት፤ እንግዲህ ጉቦ ሰጥቷል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ጉዳዩን የያዘው ጸሐፊ ትጉህ ሰው ቢሆንስ? ሙግቱ ከእኔ ሙግት ጋር በመልኩ አንድ ነው፤ በዚህ የተነሣ ስሙ የጠፋ ሰው ግን እንደ ተማሪዬ መጥቶ የሚጠይቀው መምህር የለውም።

የፈተናውን ወረቀቶች እንደገና ሳገላብጥ በሌላ ክፍል ተቀምጦ የተፈተነ አንድ ተማሪም «አዋሽ ባሕር ይገባል» ብሎ መጻፉን አገኘሁ። ይህም ቢሆን ሁለቱ አለመኮረጃቸውን አያረጋግጥም። የእኔ ሙግት ወደቀ ማለት መደምደሚያዬ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ኮርጀው እንደ ሆነ ዛሬም አላውቅም። ዜሮውን ሰርዤ ለእያንዳንዱ የሠራውን ነጥብ ሰጠሁት። በአዋሽ ጥያቄ ላይ ግን ሦስቱም ነጥብ አላገኙም፤ ልጁም ወረቀቱን ተቀብሎ ካየ በኋላ «የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ስለ ወንዞቹ ምን ይባላሉ?» ብሎኝ ወጣ።