ስትሪክት ኤልያሲንግ፦ ኮምፓይለሩ ቃላችንን አምኖ የሚሠራበት ሕግ

በሲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፕሮግራም ኮምፓይለሩ ኮዱን ለፍጥነት ሳያሻሽለው አንድ መልስ፣ ሲያሻሽለው ደግሞ ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች ይህ ሲገጥማቸው ኮምፓይለሩን ይጠረጥራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስህተቱ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው። ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱም ስትሪክት ኤልያሲንግ የሚባለውን ሕግ መጣስ ነው።

ሁለት ፖይንተሮች አንድን የሜሞሪ ቦታ ሲያመለክቱ ኤልያስ ሆኑ ይባላል። ኮምፓይለሩ ከሜሞሪ ያነበበውን ዋጋ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ሬጅስተር ይዞ ደጋግሞ ሊጠቀምበት ይፈልጋል፤ ይህ ሁልጊዜ ወደ ሜሞሪ ከመመላለስ እጅግ ይፈጥናል። ነገር ግን በሌላ ፖይንተር በኩል የተጻፈው ዋጋ ያንኑ ቦታ ቀይሮት ከሆነ፣ ሬጅስተሩ የያዘው አሮጌ ነው። ኮምፓይለሩ እርግጠኛ መሆን ካልቻለ እንደገና ከማንበብ ሌላ ምርጫ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሲ ደረጃ ለዚህ መፍትሔ አበጅቷል። አንድ ዳታ መነበብም ሆነ መጻፍ ያለበት በራሱ ዓይነት ወይም ከእሱ ጋር በሚስማማ ዓይነት ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ የኢንት (ሙሉ ቁጥር) ፖይንተርና የፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ፖይንተር አንድ ቦታ አይገናኙም ብሎ ያምናል። ቻር የተባለው ዓይነት ግን ከሕጉ ውጭ ነው፤ ማንኛውንም ዳታ ባይት በባይት መመልከት የሚቻለው በእሱ ነው።

አንድ ፈንክሽን እንውሰድ። በኢንት ፖይንተር 1 ይጽፋል፣ በፍሎት ፖይንተር 2.0 ይጽፋል፣ በመጨረሻም ኢንቱን አንብቦ ይመልሳል። ሁለቱም ፖይንተሮች አንድ ቦታ እንዲያመለክቱ ብናደርግ፣ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ያለ ማሻሻያ ሲያጠናቅረው ፈንክሽኑ በተለመደው ኮምፒውተር 1073741824 ይመልሳል፤ የ2.0 ቢቶች እንደ ሙሉ ቁጥር ሲነበቡ ይህን ይሰጣሉና። በሁለተኛው የማሻሻያ ደረጃ ግን 1 ሊመልስ ይችላል። ኮምፓይለሩ ፍሎቱ ኢንቱን አይነካም ብሎ ስላመነ ዳግመኛ አያነብም። ኮዱ ሕጉን ስለጣሰ የሲ ደረጃ ለየትኛውም መልስ ዋስትና አይሰጥም።

ሕጉ የማይረዳበትም ቦታ አለ። ሁለቱም ፖይንተሮች የኢንት ከሆኑ ዓይነታቸው አይለያቸውም። ለዚህ ኖኤልያስ የሚባል ቃል ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም የቋንቋው አባት ዴኒስ ሪቺ በ1988 አጥብቀው ስለተቃወሙት ቀረ። የ1999ኙ ደረጃ ሪስትሪክት የተባለውን ቃል አመጣ፤ በእሱም ፕሮግራመሩ ራሱ «እነዚህ አይገናኙም» ብሎ ቃል ይገባል።

ሁሉም በሕጉ አልተደሰተም። የሊኑክስ ከርነል የሚጠናቀረው ይህ የኮምፓይለሩ ግምት ተዘግቶ ነው። ኩዌክ 3 በተባለው ጌም ውስጥ ያለው ዝነኛ የተገላቢጦሽ ስኩዌር ሩት ስሌትም የፍሎትን ቢቶች በሌላ ዓይነት ፖይንተር ያነብባል። ፍጥነቱ ቢደነቅም ከሕጉ ጋር ይጋጫል።

ቀናው መንገድ ቀላል ነው፦ ቢቶቹን በሜምኮፒ ፈንክሽን ወደ ሌላው ዓይነት ቫሪያብል መቅዳት። ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ዘመናዊ ኮምፓይለሮች ግን ይህን ትንሽ ቅጂ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ የማሽን ትዕዛዝ ያወርዱታል። ስለዚህ ፖይንተር ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚቀየርበትን መስመር ስታዩ ቆም በሉ፤ ማስጠንቀቂያዎችን ክፈቱ፤ ፕሮግራሙን ከማሻሻያ ጋርም ያለ ማሻሻያም ፈትኑት። ፍጥነት የምናገኘው ኮምፓይለሩ ስላመነን ነውና እምነቱን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።