ዴክሳሜታዞን እና የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ

ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል እጢዎች የሚያመነጩትን ኮርቲሶል የተሰኘ ሆርሞን አርአያ አድርገው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዴክሳሜታዞን ብግነትን፣ ማለትም የተጎዳ አካል የሚያሳየውን መቅላት፣ ማበጥና መቆጥቆጥ፣ በመግታት ከሌላው ኮርቲኮስቴሮይድ ከሃይድሮኮርቲዞን 25 እጥፍ ያህል ይበረታል።

ብዙዎች ዊዝደም የሚሉት የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ቦታ አጥቶ ተጋድሞ ሲቀር፣ ሐኪሙ ድዱን ሰንጥቆ፣ አስፈላጊ ሲሆንም አጥንቱን ሞርዶ ያወጣዋል። በዚህ ጊዜ ከተጎዱት ሕዋሳት ሽፋን የሚለቀቀው ቅባት ፕሮስታግላንዲን ወደተባሉ ሕመምና እብጠት አስነሺ ንጥረ ነገሮች ስለሚለወጥ፣ ጉንጭ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አብዝቶ ያብጣል፤ የማኘክ ጡንቻም ስለሚኮማተር አፍ እንደ ልብ አይከፈትም። ዴክሳሜታዞን ቅባቱ ገና ሳይለቀቅ ሂደቱን ከምንጩ ስለሚገታ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም እንዳበቃ በክኒን ወይም በመርፌ ይሰጣል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በእብጠቱና በአፍ መከፈት ላይ ሲሆን፣ የሕመም ማስታገሻን ግን አይተካም።

ከሰዓት በኋላ ጫት መቃም የተለመደ በሆነባት በድሬዳዋ ይህ ጥቅም ጥንቃቄም ይጠይቃል። እብጠቱ ቀንሶ አፉ የተከፈተለት ሰው የዳነ መስሎት ወደ በርጫው ሊመለስ ይችላል፤ ቁስሉን የሚሸፍነው የረጋ ደም ግን ገና አልጠነከረም። ቅጠሉ ጉንጭ ውስጥ ሲታጨቅና ሲታኘክ ያ ደም ከተነቀለ አጥንቱ ይራቆታል፤ የሚከተለውም ከጥርሱ መውጣት ይልቅ የከፋ ቁርጥማት ነው። ከዚህ ዴክሳሜታዞን አያድንም፤ ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያዝዝ ከጫት የሚታቀብባቸውን ቀናት አብሮ ቢነግር እጅግ ተገቢ ነው።

አንድ ጊዜ የሚሰጥ መጠን ለጤናማ ሰው በአብዛኛው አያሰጋም። የስኳር ሕመምተኛ ግን የደሙ ስኳር ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ያልታከመ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትም ሊባባስበት ስለሚችል፣ አስቀድመው ለሐኪሙ መናገር ይኖርባቸዋል። ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መደጋገም ደግሞ አድሬናል እጢዎችን ያሰንፋል፤ የኢንፌክሽን ምልክትንም ይሸፍናል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የመዋጥ ችግር ያየ ሰው ሌላ ክኒን ከመፈለግ ይልቅ ሳይውል ሳያድር የድሬዳዋውን ድል ጮራን ወደመሰለ ሆስፒታል መሄድ አለበት።