ለድብርት መድኃኒት፦ ጤና ጣቢያ ወይስ የአእምሮ ሐኪም?

ያደግሁት አዲሎ ነው። በእኛ አካባቢ ሰው «ጨጓራዬን አመመኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ጤና ጣቢያ ይሄዳል እንጂ «ድብርት ይዞኛል» አይልም። ነገሩ ከከፋ «አማኑኤል ይወሰድ» ይባላል። አማኑኤል ሲባል ደግሞ ብዙው ሰው የሚገባው እብደት ስለሆነ ታማሚው «ምን ይሉኛል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ለመሆኑ የድብርት መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ብቻ ነው?

አይደለም። በብዙ አገሮች በአብዛኛው የሚያዘው የቤተሰብ ሐኪም ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በትንንሽ ከተሞች ቦታውን የሚሸፍኑት የጤና ጣቢያ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮግራምም እነዚህን ባለሙያዎች በአእምሮ ሕመም ሕክምና ማሠልጠን ነው። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጀምራለች።

የጤና ጣቢያ ጥቅሙ ቅርብ መሆኑ ነው። ለትራንስፖርት ብዙ አይወጣም፤ ወረፋውም ከወባ ታማሚ ጋር አንድ ስለሆነ ማንም አይጠቋቆምም። ደም ማነስ ወይም የእንቅርት ችግር ድብርት መስሎ እንደሆነም እዚያው መጠርጠር ይቻላል። ጉድለቱ ደግሞ ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። ሰው ጨጓራውን ብቻ ከተናገረ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ «ደስታ ከራቀኝ ሁለት ሳምንት አለፈኝ» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ናቸው። እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠሩም፤ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሰዋል። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ስለሚጎዳ፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ክኒኑን ቤተሰብ ይያዝለት።

ታዲያ ወደ ዱራሜ ወይም ሆሳዕና ሆስፒታል ሪፈር መጠየቅ የሚገባው መቼ ነው? ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ (ያኔ አንድ ቀንም አይታደርም)፣ የሌለ ድምፅ ከተሰማ፣ መድኃኒቱ በአግባቡ ተወስዶ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ለውጥ ከሌለ ነው። ከዚህ በፊት ሳይተኙ ለቀናት ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት የታየበት ሰውም ቶሎ ወደ ስፔሻሊስት ይሂድ። ባይፖላር ከሆነ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሊያባብስበት ይችላልና።

ወገኖቼ፣ ጸሎቱም ይቀጥል፣ ምክሩም ይኑር። ነገር ግን አማኑኤል ሩቅ ነው ብሎ መቅረት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው በር ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ነው።