ኪኒኑ የት ይዋጥ? የቲቢ ሕክምናና የየዕለቱ ምልልስ

በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍልና የቲቢ ክፍል በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በአንደኛው ክፍል፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የቆየና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን የወረደለት ሰው የ6 ወር ኪኒን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ቀጠሮውን ካርዱ ላይ አስጽፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ኢትዮጵያ ይህን የተራራቀ ቀጠሮ ከ2017 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስፋት በመዘርጋት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ናት። በሌላኛው ክፍል ግን ቲቢ የተገኘበት ሰው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት፣ በየማለዳው እየተመላለሰ ኪኒኑን ባለሙያ እያየው እንዲውጥ ይጠየቃል። ልዩነቱ ከፊሉ ተገቢ ነው፤ የግማሽ ዓመት መድኃኒት የሚሰጠው ለቆየ ታካሚ እንጂ ለጀማሪ አይደለም። ነገር ግን የኤችአይቪ መድኃኒት ትናንት የጀመረ ሰው እንኳ በየቀኑ መጥተህ በፊቴ ዋጥ አይባልም። ሁለቱም ሕመም ያለበት ሰው በአንዱ በር ሲገባ ይታመናል፣ በሌላው ሲገባ ይጠረጠራል። የየዕለቱ ምልልስ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ መሆኑ ማብቃት ያለበት ይመስለኛል። ለሚያስፈልገውና ለሚፈልገው ሰው የሚሰጥ እርዳታ ሆኖ ይቅር።

አሠራሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። መደበኛው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በአንድ ፍሬ ተቀናጅተው ይሰጣሉ፤ በቀሩት 4 ወራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀጥላሉ። ጣጣው የሚመጣው ታካሚው ቶሎ ስለሚሻለው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉ ይቀንሳል፣ የሌሊት ላቡ ይቆማል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፤ ድኛለሁ ብሎ ያስባል። ተሕዋሲው ግን ገና ሰውነቱ ውስጥ አለ። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት፣ ሲከፋም በመድኃኒት የማይበገር ቲቢ ሊፈጠርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ቲቢን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ችግር ብሎ ካወጀ በኋላ ኪኒን በባለሙያ ፊት እንዲዋጥ የሚያዘው፣ ዶትስ የተባለው ስልት በየአገሩ የተዘረጋው ይህን ስጋት ይዞ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሥራው በ1992 በአርሲና በባሌ ተጀምሮ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዶትስ አንድ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም። የመንግሥት ቁርጠኝነት፣ በአክታ ምርመራ ሕመሙን መለየት፣ ክትትል ያለው አጭር ሕክምና፣ የማይቆራረጥ የመድኃኒት አቅርቦትና የእያንዳንዱን ታካሚ መጨረሻ የሚያሳይ መዝገብ አንድ ላይ የገቡበት አሠራር ነበር። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠቱና ከመደርደሪያ አለመጥፋቱ፣ የቀረ ታካሚ ስሙ ከመዝገብ ተፈልጎ መጠራቱ ብቻውን ምን ያህል ሕይወት እንዳተረፈ መገመት አያዳግትም። ውጤቱ ሲያምር ግን ምስጋናው በብዛት የሄደው ለአንዱ ክፍል፣ ኪኒን ሲዋጥ ቆሞ ለማየት ነው። አምስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲገቡ የትኛው እንደፈወሰ ለማወቅ ደግሞ አንዱን ነጥሎ መፈተን ያስፈልጋል።

ይህ ተፈትኗል። በፓኪስታን የተካሄደና በ2001 የታተመ ጥናት ታካሚዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈላቸው፤ በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጡ፣ በቤተሰብ አባል ፊት የሚውጡና በራሳቸው የሚወስዱ። የዳኑት በቅደም ተከተል 64፣ 55 እና 62 በመቶ ነበሩ። የጤና ሠራተኛው ዓይን ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላመጣም። ቀደም ብሎ በ1998 የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በአንጻሩ በ1999 የታተመ የታይላንድ ጥናት ክትትሉ እንደጠቀመ አግኝቷል፤ እዚያ ግን ታካሚዎቹ ተከታታያቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር፣ አብዛኞቹ የመረጡትም ቤተሰባቸውን ነው። እነዚህን መሰል ጥናቶች አንድ ላይ የመዘነው የ2015 የኮክሬን ግምገማ በባለሙያ ፊት መዋጥ በራስ ከመውሰድ ይልቅ የሚድነውን ሰው ቁጥር ከፍ እንደሚያደርግ ማረጋገጫ አላገኘም። በአገራችንም በአዲስ አበባ 10 የጤና ተቋማት የተካሄደና በ2022 የታተመ ጥናት የ15 ቀን መድኃኒት በሚይዝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሚጮህና በተከፈተ ቁጥር በሚመዘግብ ሣጥን ቤታቸው የሚወስዱ ታካሚዎችን በየዕለቱ ከሚመላለሱት ጋር አነጻጽሯል። የቤቶቹ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በመከታተል አላነሱም። ጥናቱ ትንሽና የከተማ ነው፤ ሣጥን መከፈቱም ኪኒኑ መዋጡን አያረጋግጥም። ያም ሆኖ የሌሎች አገሮች ማስረጃ በእኛ ጤና ጣቢያ ሲፈተን አለመፍረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

የቲቢ ሕክምና እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብለት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እስከ 1950ዎቹ ድረስ የቲቢ ታማሚ ከቤተሰቡ ተለይቶ ማቆያ ውስጥ ካልተኛ አይድንም፣ ቤቱ ከቆየም ቤተሰቡን ይፈጃል ተብሎ ይታመን ነበር። በሕንድ ማድራስ የተካሄደውና ውጤቱ በ1959 የወጣው ጥናት ታማሚዎችን ከፍሎ ግማሾቹን ማቆያ አስተኛ፣ ግማሾቹን በተጣበበ ቤታቸው፣ ደካማ ምግባቸውን እየበሉ አከመ። ከአንድ ዓመት በኋላ የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ሆነ፤ የቤቶቹ ታማሚዎች ቤተሰቦችም ከሌሎቹ የበለጠ አልተያዙም። አልጋና ግቢ ፈዋሽ ሲባሉ ኖረው የፈወሰው መድኃኒቱ መሆኑ ታየ። በየአገሩ ማቆያዎች ቀስ በቀስ የተዘጉት ወይም፣ በእኛ አገር እንደ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ሥራቸውን አስፍተው ሆስፒታል የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው።

ምልልሱ ታካሚውን ምን እንደሚያስከፍለው በቅርብ እንየው። ኪኒኖቹ ትልልቅና ቡናማ ቀይ ናቸው፤ እንደ ሰውየው ክብደት 2፣ 3 ወይም 4 ፍሬ በአንድ ጊዜ ይዋጣሉ። ታካሚው በኮዳ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል፣ ውጦ በካርዱ ላይ ምልክት ይደረግለታል፤ ነገሩ ራሱ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ለሁለት ደቂቃው ሲል ግን የቀን ሠራተኛው ሰው የሚቀጠርበት ጠዋት ያልፈዋል። ጉልት ላይ የምትውለዋ ሴት ገበያው ሳይደምቅ መድረስ አትችልም። የገጠሩ ሰው በሳል የደከመ ደረት ይዞ ዳገት ወጥቶ ይወርዳል። በዚያ ላይ አግዳሚው ራሱ ይናገራል፤ በዚያ በር አጠገብ በየቀኑ የሚቀመጥ ሰው ምን እንደያዘው ሰፈሩ ለመገመት ብዙ አይቸገርም፤ ከዚያ በኋላ አከራይም አሠሪም ፊታቸው ይለወጣል። መድኃኒቱ በነጻ ነው ብንልም ለታካሚው ነጻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ቤተሰብ በቲቢ ምክንያት ከዓመት ገቢው 20 በመቶ በላይ ካጣ ወጪውን አቅም የሚያሳጣ ይለዋል፤ የዚህ ዓይነት ቤተሰብ ቁጥር ወደ ዜሮ እንዲወርድም ዓለም አቀፍ ግብ ተቀምጧል። የጠፋ የሥራ ቀን ደግሞ ከዚህ ኪሳራ ውስጥ የሚቆጠር ነው።

ከሚነሱት መቃወሚያዎች ከባዱ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው። ኪኒኑን ቤት ብንሰጥ ሰዉ እያቆራረጠ የማይድን በሽታ ያስፋፋል ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ለዚህ ቲቢ ካናማይሲንና አሚካሲን የተባሉ መድኃኒቶች በሚወጉበት ዘመን መስማት እስኪያቅታቸው ድረስ የታከሙ ሰዎች የዚህን ሕመም ዋጋ ያውቁታል። ነገር ግን የተላመደ ቲቢ ከሚገኝባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ያቋረጡ አይደሉም፤ አስቀድሞ የተላመደውን ተሕዋሲ ከሌላ ሰው በትንፋሽ የወሰዱ ናቸው። ለዚህ መልሱ ፈጣን ምርመራና ፈጣን ሕክምና ነው። ሰው መድኃኒት የሚያቋርጥበትን ምክንያት ከጠየቅንም የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ርቀት፣ የሥራ ማጣትና የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ከፊት ይመጣሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚያባብሰው ራሱ የየዕለቱ ምልልስ ነው። ማቋረጥን ለመከላከል የተበጀ ደንብ ሰውን የሚያስቋርጥ ከሆነ እንደ መከላከያ ሊቆጠር አይችልም።

ሁለተኛው መቃወሚያ የባለሙያዎቹ ነው፤ ከሁሉ የማከብረውም እሱን ነው። በየቀኑ የሚያይ ነርስ የዓይንን ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ትውከትን፣ የእይታ መደብዘዝን ቶሎ ይለያል። ጉበትን የሚጎዳ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ምልክቶቹን ለማወቅ በደንብ የተነገረው ታካሚ ራሱ ከሁሉ ቀዳሚ ነው። ሪፋምፒሲን ሽንትን ቀይ ወይም ብርቱካናማ እንደሚያደርግ ሳይነገረው ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ደም መስሎት ደንግጦ መድኃኒቱን ቢተው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማስረዳት፣ ሳምንታዊ ቀጠሮና የሚደወልበት ስልክ ቁጥር፣ ታካሚው ሰልፍ ጠብቆ በሁለት ደቂቃ ከሚሸኝበት የ60 ቀን ምልልስ ይልቅ ብዙ ያያሉ።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም፤ ሕዝባችን ለዚህ አልደረሰም የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ከዚህ በፊት ሰምተነዋል። በ2001 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት አንድሪው ናትሲዮስ ብዙ አፍሪካውያን ሰዓት ጠብቀው መድኃኒት መውሰድ አይችሉም በሚል የኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት እንዳይሰጥ ተከራክረው ነበር። በ2006 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ግን መድኃኒታቸውን በሚገባ የሚወስዱት በአፍሪካ 77 በመቶ፣ በሰሜን አሜሪካ 55 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በኢትዮጵያም መድኃኒቱ በ2005 በነጻ መታደል ከጀመረ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየቤታቸው፣ ማንም ሳያያቸው፣ በየቀኑ ሲውጡ ኖረዋል። ለዕድሜ ልክ ያልከበደው ሕዝብ ለ6 ወር ያቅተዋል ማለት አይቻልም።

አገሪቱ የምታስመዘግበው የቲቢ ፈውስ ከፍተኛ ስለሆነ አትንኩት የሚሉም አሉ። ያ ቁጥር የሚቆጥረው መዝገብ ላይ የገባውን ነው፤ ምልልሱን ሰምቶ ሳይጀምር የቀረውንም፣ ለመዳን ሲል ሥራውን ያጣውንም አያሳይም።

በየዕለቱ መታየት የሚጠቅማቸው ሰዎች እንዳሉ አልክድም። አስታማሚ የሌለው አዛውንት፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ መጠጥ የጸናበት፣ ቀድሞ ያቋረጠ፣ ወይም ራሱ ባለሙያው ፊት መዋጥ ያበረታኛል የሚል ሰው በሩ ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ይገባል። ለሌላው ግን መንገዱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ክትትልን ሙሉ በሙሉ ሳይተው በ2017 መመሪያው በቤትና በማኅበረሰብ የሚደረገው በጤና ተቋም ከሚደረገው እንዲመረጥ፣ የስልክ ቪዲዮም ሊተካው እንደሚችል ጽፏል። እኛ ዘንድ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። በ2009 የታተመ የሲዳማ ጥናት እነሱ የቲቢን ሥራ ሲይዙ የሚገኘው ታማሚም ሕክምናውን የሚያጠናቅቀውም እንደጨመረ አሳይቷል። በኮቪድ ወቅት ኪኒን ይዞ ወደ ቤት መሄድ መቻሉን ደግሞ ባለሙያዎቻችን ራሳቸው አይተውታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለየጤና ጣቢያው የቲቢ ክፍል ነው። አዲስ ታካሚ ካርድ ሲወጣለት፣ ከክብደቱና ከአድራሻው ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር፤ መድኃኒትዎን የት፣ ከማን ጋር ሆነው ቢወስዱ ይመችዎታል? መልሱም ይጻፍ፣ ሕክምናውም በዚያ መሠረት ይሂድ።