ሥዕል የገዛው ሄሊኮፕተር

እንግሊዛዊው ዴቪድ ሼፐርድ መጀመሪያ የሚታወቀው በአውሮፕላን ሥዕል ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. የአገሩ አየር ኃይል ወደ ኬንያ ወሰደው። ራሱ ሲያወራው እንደኖረው፣ እዚያ ያሉት አብራሪዎች አውሮፕላንማ ቀኑን ሙሉ እናያለን፣ ይልቅ የዚህን አገር እንስሳ ሣልልን አሉት። በዚያው ዓመት ታንጋኒካ ውስጥ ከተመረዘ ኩሬ ዳር 255 የሜዳ አህዮች ሞተው አየ። ከዚያ በኋላ ብሩሹ ለእንስሳቱ ገንዘብ መሰብሰቢያም ሆነ።

የበጎ አድራጎት ጨረታ አሠራሩ ቀላል ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ይለግሳል፤ አለዚያም ከሽያጩ ለራሱ ድርሻ አስቀርቶ ቀሪውን ይሰጣል። ብዙ ጊዜ በእራት ግብዣ ላይ አጫራቹ መነሻ ዋጋ ጠርቶ ይጀምራል። ተጫራቹ ከሥዕሉ ጋር መልካም ስምም ስለሚገዛ፣ ሌላው ደግሞ እያየው እጁን ስለሚያወጣ፣ ዋጋው ከጋለሪው ሊበልጥ ይችላል። በተለይ የሚንረው ግን ገንዘቡ የሚውልበት ነገር በግልጽ ሲታወቅ ነው። «ለዱር እንስሳት ጥበቃ» ሲባል የሚያመነታ ሰው «ለሄሊኮፕተር መግዣ» ሲባል ቼኩን ይፈርማል።

ሼፐርድም ይህን ያውቅበት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥዕሎቹ አሜሪካ ውስጥ ተጫርተው፣ ዛምቢያ ሕገ ወጥ አዳኞችን የምትከታተልበት ሄሊኮፕተር ተገዛ። ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳም ለባቡር ፍቅር ላለው ሠዓሊ ያረጀ የእንፋሎት ባቡር ሰጥተው ውለታውን መለሱ።

ሆኖም አንድ ሥዕል የሚሸጠው አንዴ ለአንድ ሰው ነው። መፍትሔው ቁጥሩ የተወሰነ ቅጂ ማሳተም ነው። ከቅጂው ግርጌ፣ በነጩ ኅዳግ ላይ ሠዓሊው በእርሳስ ይፈርማል፤ ከጎኑ እንደ 12/500 ያለ ቁጥር ይሰፍራል፤ ከአምስት መቶው አሥራ ሁለተኛው ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ኅትመቱ ይቆማል። በ1973 «ታይገር ፋየር» የተሰኘው የሼፐርድ ሥዕል በዚህ መልክ ታትሞ፣ ህንድ ታይገርን ከመጥፋት ለማዳን ለጀመረችው ፕሮጀክት 127,000 ፓውንድ አስገኘ።

ጨረታ ጣጣም አለው። የመግዛት አቅም ያለው ሰው ካልመጣ ሥዕሉ በርካሽ ይወጣል፤ ያ ዋጋ ደግሞ የሠዓሊውን ገበያ ተከትሎ ያበላሻል። ስለዚህ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል ወለል አስቀድሞ ይቆረጣል። «ስምህ ይታወቅልሃል» እየተባለ ሁልጊዜ በነፃ የሚጠየቅ ሠዓሊም ቀለም መግዣ ያጣል።

ሼፐርድ በ1984 በስሙ ፋውንዴሽን አቋቁሞ በ2017 እስኪሞት ድረስ ሲለግስ ኖሯል። ይህን የቻለው የዝሆን ሥዕሎቹ ቅጂ በተራው ሰው ሳሎን ሳይቀር እየተሰቀለ ጥሩ ገቢ ስላስገኘለት ነው። ሠዓሊን ሥዕል ለምኖ ጨረታ የሚያዘጋጅ ሁሉ በቀሪው ዓመት ከዚያው ሠዓሊ መግዛትም አለበት።