ከጆሮ ወደ ኖታ፤ የቡድን ድርሰት በዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት

በዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ውስጥ የጆሮ ሥልጠና፣ ኖታና ድርሰት በየራሳቸው ሰዓትና ፈተና የሚሰጡ ቢሆኑም፣ አንዱ ያለሌላው እምብዛም አይራመድም። የጆሮ ሥልጠና የሚባለው የተሰማን ድምፅ ከፍታና ምት፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውንም ርቀት ያለመሣሪያ እገዛ ለይቶ ማወቅ ሲሆን፣ ኖታ ደግሞ ያንኑ ድምፅ በአምስት መስመሮች ላይ በምልክት የሚያሰፍር ጽሕፈት ነው። ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚፈተኑት ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ሥራ በጋራ ሲደርሱ ነው፤ የሰማውን መለየትና ለባልደረባው ማስረዳት ያቃተው ሰው እዚያ የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ለድምፆች ስም ሰጥቶ ማስተማር በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ከጊዶ ዳሬዞ ጋር ይያያዛል። ጊዶ ለመጥምቁ ዮሐንስ ከተደረሰ የላቲን መዝሙር የየሐረጉን መነሻ ቀለም ወስዶ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን ስሞች አወጣ፤ ኡት ውሎ አድሮ ዶ ተባለ፣ ሲም ከጊዜ በኋላ ተጨመረ። ሶልፌዥ፣ ማለትም በእነዚህ ስሞች እያዜሙ ኖታ ማንበብ፣ መሠረቱ ይኸው ነው። ተገላቢጦሹ ዲክቴሽን ይባላል፤ መምህሩ አጭር ዜማ በፒያኖ ደጋግሞ ይጫወታል፣ ተማሪው የሰማውን ይጽፋል። ጀማሪ ተማሪ ድምፆቹን አንድ በአንድ ሊያሳድድ ሲሞክር ገና ከጅምሩ ዜማው ጥሎት ይሄዳል፤ የሠለጠነው ግን በመጀመሪያው መደመጥ ምቱን ብቻ በጭረት ይይዛል፣ በሁለተኛው መነሻውንና ማረፊያውን ያሰፍራል፣ መሀሉን የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና በሚጠኑበት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሚማር ሰው የጆሮ ጉዳይ ሌላም ውስብስብነት አለው፤ ቅኝት፣ ማለትም ዜማ የሚመሠረትባቸው ድምፆች አደራደር። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶልና ላ ፍላት ነው። እነዚሁ አምስት ድምፆች ማረፊያቸው ሶል ሲሆን ግን የሚገኘው የአምባሰል አደራደር ነው። ወረቀት ላይ አንድም ድምፅ አልተለወጠም፤ ከማረፊያው ቀጥሎ ያለው ድምፅ ግን በትዝታ ማይነር አንድ ሙሉ ቶን ሲርቅ በአምባሰል ግማሽ ቶን ብቻ ስለሚርቅ፣ ለጆሮ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ስሜቶች ናቸው። ስለዚህ ቅኝትን ኖታ በመቁጠር ብቻ ለማወቅ የሚሞክር ተማሪ መሳሳቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ክራር በደርዳሪው ጆሮ የሚቃኝ መሣሪያ በመሆኑ፣ ፒያኖ በእኩል ከከፋፈላቸው 12 ግማሽ ቶኖች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የራሷ የዜማ ጽሕፈት አላት። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚነገረው ምልክቱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት ፊደላት እያንዳንዱን ድምፅ አይቆጥሩም፤ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ ያስታውሱታል፣ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክና ሌሎቹ ምልክቶች ደግሞ ዜማው የሚዜምበትን መንገድ ያሳያሉ። የአምስቱ መስመር ኖታ ዜማውን ከዚህ በፊት ላልሰማው ሰው ለመናገር ሲጥር፣ የቤተ ክርስቲያኗ ምልክት የሚናገረው ግን ለሚያውቀው ነው።

ይህ ልዩነት የቡድን ድርሰትን ጠባይ በደንብ ያስረዳል፤ የቡድን ሥራም በመጀመሪያ የሚኖረው በሚያውቁት አባላት ጆሮና ትውስታ ነውና። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ፔይንተር ከፒተር አስተን ጋር እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው «ድምፅና ዝምታ» የተሰኘው መጽሐፍ፣ ለትምህርት ቤቶች የታሰበ ቢሆንም፣ ድርሰት ከሕግ ሳይሆን ድምፅን በእጅ ከመሞከር እንዲጀምር በማድረጉ ሰፊ ተጽዕኖ አሳድሯል። አሜሪካዊው ቴሪ ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1964 የደረሰው «ኢን ሲ» ደግሞ ለቡድን ተማሪዎች የተመቸ ናሙና ነው፤ 53 አጫጭር ሐረጎች በቅደም ተከተል ተጽፈዋል፣ እያንዳንዱን ስንት ጊዜ መደጋገምና መቼ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ግን ለተጫዋቹ የተተወ ስለሆነ፣ ሥራውን አንድ አድርጎ የሚይዘው ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መደማመጣቸው ነው።

አንድ የአራት ሰው ቡድን ሥራውን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ያለወረቀት ነው። የክራር ተጫዋቹ አንድ ሐረግ ይደጋግማል፣ ዋሽንቱ ይመልስለታል፣ ሌሎቹ ምቱን ይሞክራሉ። ትውስታቸው እስከጠበቀው ድረስ ኖታ አያስፈልጋቸውም። አንዱ ከልምምድ ሲቀርና ሌላ ሰው ቦታውን ሲይዝ ግን የጽሕፈት ነገር ይነሣል፤ ዋሽንተኛው የት እንደሚተነፍስ እስከዚያች ቀን ማንም አልጻፈውም ነበር። መምህራን የየሳምንቱን ረቂቅ ለይተው የሚጠይቁትም በከፊል ለዚህ፣ በከፊልም በጋራ ሥራ ውስጥ የማን ድርሻ ምን እንደነበረ ለመለየት ነው፤ ይህ ሁለተኛው ግን ረቂቁ ቢኖርም የሚያከራክር ነጥብ ሆኖ ይቀጥላል። የማሲንቆ ክር ላይ ጣት ተንሸራቶ የሚያወጣው ዜማ በአምስቱ መስመር አልይዝ ሲልም፣ ቡድኑ የራሱን ጠማማ ጭረት ፈጥሮ፣ ትርጉሙን በኖታው የፊት ገጽ ላይ ያሰፍራል።