ክሎሮክስ ዓይንሽ ውስጥ ቢገባ

እህቴ፣ መካ ሩሰይፋም ሥሪ ጅዳ፣ ክሎሮክስ ከእጅሽ አይጠፋም። አገር ቤት በረኪና የምንለው ነው። ዓይንሽ ውስጥ ከተረጨ ማዳምን ለመጥራት ጊዜ አታጥፊ። ቧንቧውን ክፈቺ፣ የዓይንሽን ቆብ በጣትሽ ገልጠሽ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቢ። አትሺው። ሎሚም ወተትም አታድርጊበት።

ከዚያ ሐኪም ጋር መሄድ አለብሽ፤ «ነገ ይሻልሻል» ቢሉሽም። «ክሎሮክስ ደኸል ፊ ዐይኒ» በያቸው፤ ክሎሮክስ ዓይኔ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997፣ የጤና ሚኒስቴር መስመር 937 ነው።

ዓይንሽ አሸዋ እንደገባበት የሚቆረቁርሽ ከሆነ፣ የኤሲ ነፋስ አድርቆት ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ፊትሽ ላይ በቀጥታ እንዳይመጣ አድርጊ።

በተለይ አማራ ክልል ገጠር ካደግሽ ግን ትራኮማንም አስቢ። በልጅነት ተደጋግሞ የያዘ ትራኮማ የቆቡን ውስጥ ጠባሳ ያደርገዋል፤ ቆይቶ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን ይፍቃል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም። በአጭር ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ከተተወ ግን ያሳውራል።

የሌላ ሰው የዓይን ጠብታ አትጠቀሚ። እይታሽ በድንገት ከደበዘዘ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አትቆዪ። ደመወዝ ቢዘገይ ይከፈላል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም።